የትራምፔቱ ፎጣ

«አባትሽ ፈሪ ነበር» አለኝ ጋሽ ዮናስ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ። «ስለሞተ ብዬ አልዋሽሽም። ጥሩ ሰው ነበር፣ ሲነፋም እንደሱ ያለ አላጋጠመኝም፣ ግን ፈሪ ነበር።»

ልጅ እያለሁ እርስዎ የምለው ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«ዕቃውን ስጠኝና ልሂድ» አልኩት።

የተቀመጥንበት የቦሌው ቤት ሊሸጥ ነው። የጋሽ ዮናስ አክስት ቤት ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ወራሾቹ ለመሸጥ ተስማሙ። ጋራዡን ሲያስጸዳ የአባቴን ትራምፔት ከአሮጌ ጎማ ኋላ አገኘውና በሰው በሰው አፈላልጎ ደወለልኝ። በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። የሻገተ ነሐስ ሸተተኝ። ከነሐሱ ጋር ሎሚ ሸተተኝ። ሎሚ የለም፣ አውቃለሁ። አፍንጫዬ ከራሱ ጨምሮ ነው። ያን ክረምት ይኼን ዕቃ በሎሚና በአመድ የማሸው እኔ ነበርኩና።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሁለተኛው ክረምት ነበር። አራተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የምንኖረው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ገባ ብሎ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ደምሴ የአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ሲመሽ እጁን ታጥቦ ሬዲዮ ሥር ይቀመጣል። ትራምፔት ያለበት ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ይቀንሰዋል። ሰው የሚወደው ዘፈን ሲመጣ ይጨምራል፣ እሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ትራምፔት የሚጠላ መስሎኝ አደግኩ።

የኔ ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አባቴ ስኳር፣ ሳሙናና በጠርሙስ ላምባ ያሲዘኛል፣ እኔ ላም በረት ድረስ እወስዳለሁ፤ ለእማማ ዘሀራ። እስከ መገናኛ በእግሬ፣ ከዚያ ሽቅብ። ክረምት ስለሆነ ኮንጎ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየቀረ እጄን ከትቼ አወጣዋለሁ። ላምባው ቢፈስ ስኳሩ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ፤ አንዴ ፈሶብኝ እማማ ዘሀራ ስኳሩን ፀሐይ ላይ አስጥተው «አብሽሪ፣ ይበርራል» ብለውኛል። አልበረረም። እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ላምባ ላምባ የሚል ሻይ ጠጡ።

ከወሎ የመጡ ሴትዮ ናቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው ሁሌም ቀዝቃዛ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አፍሮ ጠጉር፣ ሁለት ቀጫጭን ዱላ በአንድ እጁ ይዞ የሚስቅ። ስገባ ግንባሬን ይዳብሱና «ግንባርሽ ያባትሽ ነው፣ ወላሂ» ይሉኛል። ቴምር ይሰጡኛል። ስወጣ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አባትሽ ደህና ነው? ዛሬም አልመጣም?»

አባቴ ሄዶ አያውቅም። ስመለስ «ደህና ናቸው?» ይለኛል፣ ግን ፊቴን አያይም። እናቴ ድስቱን ታማስላለች። ማንም የሚያስረዳኝ ስላልነበረ ራሴ ፈታሁት። እማማ ዘሀራ የአባቴ እናት ናቸው። የኔ አያት። እኛ ቤት የማርያም ሥዕል አለ፣ እሳቸው ይሰግዳሉ፤ ስለዚህ አባቴ ያፍርባቸዋል፣ በስኳር እያባበለ ደብቋቸዋል። እንዲህ ብዬ ጨረስኩት። አያቴን ለማስደሰት ብዬ ቤት ውስጥ ምሳ ሲቀርብ ቢስሚላህ ማለት ጀመርኩ፣ እናቴም በጭልፋ አናቴን አለችኝ። በጭልፋ መመታቴም ምስጢሩ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ ሆነኝ።

ጋሽ ዮናስ ቤታችን የመጣ ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ጢማም፣ ረጅም ኮት የለበሰ፣ እርጥብ ውሻ ውሻ የሚሸት ሰው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎን ለማግኘት ያላንኳኳሁት በር የለም!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ቴአትር እየጻፍኩ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ተደብቀው ይጫወቱ ስለነበሩ ሙዚቀኞች። ስለ ጃዝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እኛ ሰፈር ጃዝ የሚባለው ለውሻ ነው፣ ሰው ላይ ሲለቁት። አባቴ ገላመጠኝ።

«እኔ ትቼዋለሁ ልጄ» አለው።

«መድረክ ላይ አይወጡም። ተዋናይ አለኝ፣ እሱ እንደሚነፋ ያስመስላል፤ እርስዎ ከጥቁር መጋረጃ ኋላ ሆነው ይነፋሉ። አለበለዚያ በካሴት ልተካው ነው።»

«ምን ካሴት?»

«የእናንተን። የሆነ ሰው ዘንድ ቅጂ አይጠፋም ብዬ ነበር።»

«የለም» አለ አባቴ። «የእኛን ማንም አልቀዳውም። የሰማው ሰው ነው ያለው፣ ሌላ የለም።» ከዚያ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ።

«ይኼ ጡሩምባ ከተጎተተ ሰላም የለንም» አለች እናቴ።

«ትራምፔት ነው» አለ አባቴ ከአልጋው ሥር።

ሲወጣ አረንጓዴ ሆኗል። ሰፊው አፉ ውስጥ ሰማያዊ መስመር ያለው ትንሽ ፎጣ ተጎስሮበታል። ላወጣው ስሞክር አባቴ እጄን ያዘ። «እሱ እዚያው ነው። እጠቢውና መልሺው።» ስለዚህ ፎጣው የዕቃው አካል መሰለኝ፣ ልክ የላምባ ምድጃ ክር እንዳለው። በሎሚና በአመድ ነሐሱን አሸሁት፣ ፎጣውን በሳሙና አጥቤ በምሥማር ላይ ሰቀልኩት፣ ሲደርቅ መለስኩት። ጣቶቼ አረንጓዴ ሆነው ሰነበቱ፣ እኔም አላጥባቸውም ብዬ ከእናቴ ጋር ተጣላሁ።

ልምምዱ ቦሌ፣ በዚህ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ፣ እናቴም እኔን ቤት ማቆየት ስለሰለቻት፣ አባቴ ከሥራ ሲወጣ ከኋላው እየተንጠለጠልኩ እሄድ ነበር። ቦሌ ያኔ እንዲህ አልተጨናነቀም፤ ከአጥሮቹ ላይ አበባ ይንጠለጠላል፣ አውሮፕላን በዝቅታ ሲያልፍ ሁሉም ንግግሩን ያቆምና መልሶ ይቀጥላል። ጋራዡ ዘይት ይሸታል። የተዋናዮቹ ስም እንኳ አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ አባቴን ሆኖ የሚጫወተውን ብሩክን ግን አልረሳም፣ ምክንያቱም ቆንጆ ነበር፣ እኔም ላገባው ወስኜ ነበር። ቴአትሩ ስም አልነበረውም። ጋሽ ዮናስ በየሳምንቱ አዲስ ስም ያወጣለታል፣ በሳምንቱ ይሰርዘዋል።

አባቴ ብሩክን ማስተማር ያዘ። «ጉንጭህን አትንፋ። ሊጥ የሰረቀ ልጅ መሰልክ እኮ።» «ትከሻህን ምን አስነሣው? ማን ሊመታህ ነው?» እዚያ ጋራዥ ውስጥ አባቴ ቀልደኛ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ያላየሁት ሰው። ሲነፋ ግን ድምፁ ከፎጣው ኋላ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤት ግድግዳ ኋላ ሰው እንደሚያንጎራጉር ያህል። እኔ ትራምፔት እንዲያ የሚል ይመስለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

«ጀግንነቱን ነው የምፈልገው» ይላል ጋሽ ዮናስ። «ሰው መናገር ሲፈራ እናንተ ትነፋላችሁ። ለምን?»

«እንቅልፍ እንዳይወስደን።»

«ጋሽ ደምሴ!»

«እውነቴን ነው። ሰዓት እላፊው ሲደርስ የሆቴሉ በር ይቆለፋል። ውስጥ ያለ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ሰካራሙም፣ አስተናጋጇም፣ እኛም። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ክልክል ነው፤ መንገድ ላይ ጠባቂ ይዞራል። ወንበር ላይ ከመተኛት ብለን ምድር ቤት እንወርዳለን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን፣ ከበሮው ላይ ጋቢ፣ እኔ ፎጣ። ለደንበኛ የምንጫወተውን እዚያ አንጫወትም። የራሳችንን ነበር የምንጫወተው።» ትራምፔቱን አገላብጦ አየው። «ለራሳችን ሆኖ ደግሞ ለራሳችንም በደንብ አይሰማም።»

«እስቲ አሁን ፎጣውን ያውጡልንና እንስማው።»

«ለዕለቱ ይቆይ» አለ አባቴ። ሁሌም መልሱ ይኼ ነው። «ለዕለቱ አወጣዋለሁ።»

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ መጣና መብራት ጠፋ። ተዋናዮቹ አልመጡም። ጋሽ ዮናስ፣ ብሩክና አባቴ ነበሩ፤ እኔ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ። ማን ምን እንደጠየቀ አላስታውስም። አባቴ በጨለማው ውስጥ ተናገረ።

«ሰይድ ነበር ከበሮ የሚመታው። ከኔ ጋር እንደ ወንድም ነን። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ ‹ደሜ፣ ይኼን ነገር አንዴ እንኳ ሳይታፈን ልስማው› አለኝ። እሺ ብዬ ፎጣውን አወጣሁት። ነፋሁ። ብዙም አይደለም፣ አንዲት ዜማ ናት። ሳልጨርሳት በሩ ተደበደበ።»

አባቴ ቀጠለ።

«‹ማነው የነፋው?› አሉ። ትራምፔቱ ጭኔ ላይ ነው። ሰይድ ተነሣና ከጭኔ ላይ ወሰደው። ‹እኔ ነኝ› አለ። ከበሮ መቺ እኮ ነው፣ አያያዙን እንኳ አያውቅም፣ ገልብጦ ነው የያዘው። እኔ ተቀምጬ ነው የማየው።»

«ከዚያስ?» አለ ብሩክ።

«ከዚያማ ወሰዱት። ከወራት በኋላ ትራምፔቱን መለሱት። እሱን አልመለሱትም።»

ጋሽ ዮናስ ክብሪት ጫረ፤ ዓይኑ ሲያብረቀርቅ አየሁት።

«ቴአትሩ ይኼ ነው» አለ። «ይኼ ነው! ፎጣው ይወጣል፣ ትራምፔቱ አዳራሹን ያናውጠዋል፣ በሩ ይደበደባል። ጋሽ ደምሴ፣ ያን ዜማ እርስዎ ራስዎ ይነፉታል። ዘንድሮ ማንም በር አይደበድብም።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ቤተሰብ አለው?»

«እናት አሉት።»

«ያውቃሉ? ማን እንደነፋው?»

«አያውቁም» አለ አባቴ። «በምን አፌ እነግራቸዋለሁ? በራቸውን መርገጥ እንኳ ያቃተኝ ሰው።»

እኔ ጎማው ላይ ሆኜ ፎቶው ትዝ አለኝ፣ ሁለቱ ዱላዎች፣ ሳቁ። ሰይድ ማለት እሱ ነው። እንደ ወንድም ነን ሲል ሰምቻለሁ። እንግዲያው አጎቴ ነበር፤ አባቴ አያቴ ቤት የማይሄደው አጎቴን ስላስወሰደ ነው። ግማሹን ትክክል ግማሹን ስህተት አድርጌ ይዤው ቤት ገባሁ።

በዚያው ቅዳሜ መገናኛ ጋ ላምባዬን ይዤ በዝናብ ስሄድ ጋሽ ዮናስ ቮልሱን አቆመልኝ። «ሶሲ፣ ወዴት ነው?» ላም በረት አልኩት። አደረሰኝ። ከኔ ጋር ገባ። ፎቶውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጅዎ ነው እማማ?»

«ሰይዴ ነው» አሉ እማማ ዘሀራ። «ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ።»

ብዙ ቆየ። እኔ ቴምር ስበላ እነሱ ቀስ ብለው ያወራሉ። ሲወጣ እጃቸውን ሳመ። መኪናው ውስጥ «አባትሽን እኔ አነጋግራቸዋለሁ» አለኝ።

አላነጋገረውም።

ቴአትሩ የታየው እሑድ ከሰዓት በቀበሌ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ ግን የድሮው መፈክር ከኖራው ሥር ጠቆር ጠቆር እያለ ይታያል። አባቴ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ነበር፤ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎት እናቴ ቁልፉን አንሥታ ሰፍታለታለች። እሷ አልመጣችም። «ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ» አለች፤ ስትሰናበተው ግን የኮቱን ትከሻ ጠረገችለት፣ እንዲያ ስታደርግ አይቼ አላውቅም።

ከመድረኩ ኋላ፣ ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ፣ አባቴ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ያን ቀን የኔ ሥራ ፎጣውን መቀበል ነበር። ራሱ ነው ያለኝ፦ «ጊዜው ሲደርስ አወጣዋለሁ፣ አንቺ ትይዢልኛለሽ። እጅሽ ላይ ካለ መልሼ አልከተውም።» እጄን በሳሙና ታጥቤ መጥቻለሁ። ለፎጣ።

ሰው መግባት ሲጀምር ጋሽ ዮናስ እየሮጠ መጣና ክንዴን ያዘ። «ሶሲ፣ ነይ፣ ከፊት ሰው ይፈልግሻል።»

«ፎጣውስ?» አለ አባቴ።

«ሳጥኑ ላይ ያስቀምጡት ጋሼ! ፎጣ ነው እኮ!»

የፊተኛው ረድፍ ላይ እማማ ዘሀራ ተቀምጠዋል። አዲስ ነጠላ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጣጥፎ። እንደ ባለሥልጣን ወንበራቸው ጨርቅ ለብሷል። ጋሽ ዮናስ አጠገባቸው አስቀመጠኝና ሄደ። እሳቸው ግንባሬን ዳበሱ። እኔ ደስ አለኝ። አባዬ አያቴን ጠራቸው፣ ታረቁ ብዬ አሰብኩ። ወደ ጥቁሩ መጋረጃ ዞር ብዬ እጄን አውለበለብኩ። መጋረጃው መሐል ስንጥቅ አለችው፤ ስንጥቋ ስትከፈትና ስትዘጋ አይቻለሁ።

ቴአትሩ ጥሩ ነበር። ሰዉ ሳቀ፣ ሰካራሙ ሲገባ አጨበጨበ። ምድር ቤቱ ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰይድን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ጋቢውን ከበሮ ላይ ሲዘረጋ እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፉት። ልጁ «ደሜ፣ አንዴ እንኳ ሳይታፈን ልስማው» አለ። ብሩክ ከትራምፔቱ ውስጥ ፎጣ አወጣ፣ ለሰው አሳየ፣ ወለሉ ላይ ጣለው። ትራምፔቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ።

ከመጋረጃው ኋላ የመጣው ድምፅ ያው ጋራዥ ውስጥ የማውቀው ነበር። ትራስ ሥር እንደተቀበረ ሰው።

መጀመሪያ ሰዉ ጠበቀ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ድምፅ!» አለ። «ባትሪ ቀይሩለት!» አለ ሌላው፣ አዳራሹም በሳቅ አበደ። ፉጨት መጣ። ብሩክ ፊቱ ቀልቶ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ዜማው አልቆ እንኳ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ነበር። እማማ ዘሀራ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ወደ ፊት አዘንብለዋል፣ ከወንበሩ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። በሩ ተደበደበ። ሰይድ ተነሣ፣ «እኔ ነኝ» አለ። ሰዉ አሁንም ይስቃል። እሳቸው አልሳቁም፣ አላለቀሱም። መብራት ሲበራ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጆሮዬ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ሌላው ሰው ሰማው?»

«ማንም አልሰማውም» አልኳቸው።

«እኔማ እሱን ልሰማ ነበር የመጣሁ።» እጄን ያዙ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀዝቃዛ። «ማን እንደነፋው መች ጠፋኝና! ሰይዴ ከበሮ እንጂ ሌላ መች ያውቅና! ‹እማ፣ ደሜ ያን ፎጣ ያወጣው ዕለት አንቺም ትሰሚዋለሽ› ይለኝ ነበር። ልጄ መጨረሻ የሰማውን ልሰማው ብዬ ነው። ለአባትሽ ንገሪው። እዚሁ ነኝ በይው፣ ተቀምጫለሁ በይው።»

ሮጥኩ። አባቴ ሳጥኑ ላይ ነው። ትራምፔቱ ጭኑ ላይ፣ ፎጣው ውስጡ።

«አባዬ፣ እማማ ዘሀራ ያውቃሉ። አንተ እንደነፋኸው ያውቃሉ። ሊሰሙት ነው የመጡት፣ ሰይድ የሰማውን። ተቀምጫለሁ በይው አሉ።»

«ምን አሉ?»

ደገምኩለት። ቃል በቃል ነው የደገምኩት፣ ጎበዝ ነበርኩ በዚያ። አባቴ መጋረጃውን አየው። ጨርቅ ነው። ከኋላው ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ሰዉ እያወራ ይወጣል፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ቢያንስ አንድ ሰው እዚያ ማዶ እንደተቀመጠ እኔም እሱም እናውቃለን። እጄን ዘረጋሁለት፣ ፎጣውን እንዲሰጠኝ። ጣቶቹን ወደ ትራምፔቱ አፍ ሰደደ፣ የፎጣውን ጫፍ ያዘ። እዚያው ላይ ቆየ።

ከዚያ ትራምፔቱን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና የዘረጋሁትን እጄን ያዘው። በኋላው በር ወጣን። ጋሽ ዮናስ ከኋላችን «ፈሪ! ፈሪ ነህ!» እያለ ሲጮህ እንሰማለን፤ እርስዎ ማለቱን ያን ቀን ተወው። አባቴ ዞር አላለም። ጭቃው ውስጥ ኮንጎ ጫማዬ ሲቀር ጎንበስ ብሎ አወጣልኝ፣ በሠርግ ሱፉ ጠረገልኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጭቃ የነካውን ኮት ተቀበለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስኳሩን ከወትሮው አብዝቶ አሲዞ ላከኝ። እማማ ዘሀራ ተቀበሉኝ፣ ግንባሬን ዳበሱ፣ ቴምር ሰጡኝ። ስወጣ «አባትሽ ደህና ነው?» አሉኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን አልጠየቁኝም። ከዚያ በኋላም ጠይቀውኝ አያውቁም። መንገዱን ሙሉ ሲጠይቁኝ የምመልሰውን እያሰብኩ ስለሄድኩ፣ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያቴ እንዳልሆኑ ያን ቀን ገባኝ። አያት ብትሆን ትቆጣ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አባቴ ሬዲዮው ላይ ትራምፔት ሲመጣ አሁን ድምፁን መቀነስ ትቷል፤ ተነሥቶ ይወጣል።

«ቴአትሬን ገደለብኝ» አለ ጋሽ ዮናስ ባለፈው ሳምንት። ሻዩ ቀዝቅዟል። «አንዲት ዜማ! አንዲት ዜማ መንፋት አቃተው።»

«እናትየዋ እንደሚመጡ ነግረኸው ነበር?»

«ብነግረው ይመጣ ነበር?»

ትራምፔቱን አነሣሁት። እሱም አብሮ ብድግ አለ።

«ስሚኝ ሶሲ፣ ልደግመው ነው። በትልቅ አዳራሽ፣ በደንብ አድርጌ። ለዚያ ብዬ ነው የደወልኩልሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይኼን ራሱን መድረክ ላይ ባሳየው፣ ፎጣውም እስከ ዛሬ ውስጡ እንዳለ… ሰው ሲያየው አስቢው! ለጊዜው እኔ ጋ ተይው።»

ጣቴን አስገባሁ። ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል፤ መጀመሪያ አልወጣ አለ፣ ከዚያ ጫፉ ተበጥሶ እየተፈረፈረ መጣ። የሰማያዊው መስመር መልክ ጠፍቷል። ሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ፎጣውን ውሰደው» አልኩት።

በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ታክሲ ቆሟል፣ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ! የሞላ!» እያለ ይጮሃል፣ ድምፁ ተዘግቶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የታክሲው ውስጥ ግን ባዶ ነው። የያዝኩትን ሲያይ ሳቀ።

«እሱን እስቲ ንፊልኝ እህቴ፣ ጉሮሮዬ አለቀ። ሰው ጥሪልኝ።»

«አልችልበትም» አልኩት፣ ታቅፌው ገባሁ።